ያልተረገጠው ቄጠማ

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 1 ቀን 1959 ዓ.ም.

ትናንት ለትምህርት የሚሆነኝን ሣር ፍለጋ ወደ ረግረጉ ወርጄ ነበር። ባገሬ በምጽዋ ባሕር ዳር ለሣሩ ቦታ የሚሰጠው ጨው ነው፤ ጨው የማይችለው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የሚችለው ከማዕበሉ ፊት ብቻውን ይቀራል። እዚህ ግን የሚለየው ውሃው ነው፤ ዳር ዳሩን ሰርዶ፣ መሀሉን ቄጠማ። ለተማሪዎቼ ላሳይ ከየረድፉ ጥቂት ጥቂት ነቀልሁ።

ለዓመት በዓሉ ቄጠማ የሚያጭዱት ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ እጄን አይተው፣ «ምነው መምህር፣ ይቺን ነው የሚጎዘጉዟት? እንግዳዎ ምን ይላል?» አሉና አንድ እቅፍ ሙሉ ሰጡኝ። የሚመጣ የለም ለማለት አፈርሁ።

ቤቱን ሙሉ ጎዘጎዝሁት። አሁን በዓሉ እየመሸ ነው። ቄጠማው የተረገጠው ከበሩ እስከ አልጋዬ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ብቻ ነው።