እጅ ከአፍ ሲቀድም

ጥቅምት 5፣ 2004 ዓ.ም.፣ ቡሬ

ዛሬም ከዶክተር ቢሆነኝ ጋር ገጠር ወጣን፣ ለሸክላ ሠሪዎቹ ጥናት። መጀመሪያ በቃል ጠየቅን። «ሸክላ ሠሪ ጎረቤት ቢመጣብዎ?» ሁሉም በአንድ አፍ... «ምን ገዶን፣ ሁላችን የአዳም ልጅ።»

ቀጥሎ ላፕቶፑ። የሸክላ ሠሪ ወይም የማር ሥዕል ሲመጣ በግራ እጅ መንካት፣ ገበሬ ወይም እባብ ሲመጣ በቀኝ። ኋላ ማርና እባብ ቦታ ይለዋወጣሉ። ማር ለበጎ፣ እባብ ለክፉ ነው፤ እጅ የሚፈጥንበት የልብን ይናገራል ይላል ዶክተሩ። ሸክላ ሠሪ ከእባብ ጋር ሲሆን የሁሉም እጅ ፈጠነ። ቡዳ ይሏቸው የለ!

ልጄን ትሕትናን የሚይዙልኝ እትዬ ወይኒቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ሥራ የምውለው በሳቸው ነው።

ጥቅምት 6

አንድ ሽማግሌ ማሩን ሲያዩ ጣታቸውን ሰበሰቡ። «በጎ ነገር በግራ አይነካም፣ ልጄ።»

ዶክተሩ ሳቀ፣ ቆይቶ ሳቁ ጠፋ። ማር በግራ ሲሆን ያ ሁሉ መዘግየት የግራ እጅ ነው ወይስ የልብ? እሱም አያውቅ። እኔ ግን ደስ አለኝ። በድብቅ ሞክሬው ነበራ... ላፕቶፑ አንድ ቀን ንጹሕ ነሽ፣ በማግስቱ ሸክላ ሠሪ ትፈሪያለሽ አለኝ።

ጥቅምት 9

ላፕቶፑን ቤት ባመጣው እትዬ ወይኒቱ ልሞክረው አሉ። ግራኝ ናቸው፣ ግራ እጅ ሰበብ አይሆናቸውም። ሆኖም ሸክላ ሠሪና ማር አንድ ላይ ሲሆኑ እጃቸው ዘገየ። ከእባብ ጋር ሲሆን... በረረ።

«ምን አለኝ?»

«አይታመንም እኮ፣ እትዬ። ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ነው።»

 እጃቸውን ገልብጠው ሲያዩት ቆዩ። 

ጥቅምት 12

ትሕትና አንገት ላይ ጥቁር ክር! ጫፉ ላይ ጤና አዳም በጨርቅ ተቋጥሯል። ለቡዳ የሚታሰረው... ማን አሰረው? እናቴ እንዳልል ያለችው ሰከላ። እኔ ነኝ? እጄ እኔን ሳያስፈቅድ? ፈራሁት፣ የገዛ እጄን።

ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። እትዬ ካዩት ሁለተኛ ደጄን አይረግጡም። ደሞ እወዳቸዋለሁ።

ጥቅምት 13

ጠዋት እትዬ መጡ። ትሕትናን አቀፉ፣ አንገቷን ዳበሱ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ማን ፈታው?»

እጄ ኪሴን ሸፈነ።

«እኔ ነኝ ያሰርኩላት፣ እማዋይሽ። ዓይንሽ ይበላል እየተባልኩ ነው ያደግሁ። እኔስ ምኑን አውቄ? ስወዳት ጊዜ ፈራሁ።»

ውሸት ነው፣ እንዲህ አይበሉ ልላቸው ነበር። አፌን ስከፍት እጄ ክሩን አውጥቶ ዘርግቶላቸዋል።

አሰሩላት። እኔም አንገቷን ቀና አድርጌ ያዝኩላቸው።