ለተከራዩ የጥርስ ሐኪም ስለተደረገ ውለታ

ለክብርት ዶክተር ሶኮሮ ባልቤና
የካሳናግ የሥዕል ሙዚየም ዋና ዳይሬክተር
ኢሎኢሎ ከተማ

ክብርት ሆይ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ እርስዎን፣ የተከበሩ ባልደረቦችዎን፣ እንዲሁም በየሁለት ቀኑ የሚታመመውን የሙዚየምዎን አየር ማቀዝቀዣ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ።

ዴሜትሪዮ ታላብያ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ይሁንና ስለ ሟቹ ሠዓሊ ስለ ኤልፒዲዮ ሱማገይሳይ ባሳተሙት ውብ የሕይወት ታሪክ ውስጥ «በቤታቸው አንድ የጥርስ ሐኪም ተከራይ ነበር» ተብዬ ስለተጠቀስኩ፣ እርስዎ ዘንድ የምታወቀው በዚሁ ማዕረግ ሳይሆን አይቀርም። ቅሬታ የሚለው ቃል እንደ እርስዎ ላለ ሰው ስለማይመጥን፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ተከራይ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ቤቱ ከእናቴ የወረስኩት ነው። ኤልፒዲዮ የገባበት አንድ ሻንጣ፣ አንድ የቀለም ሣጥንና መዋጋት የማይወድ የድብድብ አውራ ዶሮ ይዞ ነበር። የተዋወቅነው ክሊኒኬ ውስጥ ነው፤ መንጋጋው አብጦ መጣና ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ አፌን አልከፍትም አለ። «አፍህን ክፈት እንጂ፣ ሰውዬ!» ስለው፣ ጥርሱን እንደነከሰ «መጀመሪያ ስምህን ንገረኝ፤ የሚያሳምመኝን ሰው ማወቅ አለብኝ» አለኝ። ስሜን ነገርኩትና ጥርሱን ነቀልኩለት። በሳምንቱ ምንም ያልሆነ ሌላ ጥርሱን «በጣም እያመመኝ ነው» ብሎ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ አልተለያየንም።

መጽሐፍዎ ደግሞ «ትዳር አልመሠረቱም፤ ያገቡት ጥበብን ብቻ ነበር» ይላል። በቤታችን ሳህን የማጠቡ ተራ ሁልጊዜ የእኔ ስለነበር፣ እመቤት ጥበብ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራ እንደነበር ለማወቅ ጓጉቻለሁ።

ሁለተኛ፣ በትልቁ አዳራሽ የተሰቀለውንና በር ላይ የተቀመጡ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማዎች የሚታዩበትን ሥዕል «የሰፊው ሕዝብ ድህነት ምልክት» ብለው ስለተረጎሙልን አመሰግናለሁ። ጫማዎቹ የእሱና የእኔ ናቸው። ይህን ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ባሳየበት ዕለት የሸሚዙን ቁልፍ የቆለፍኩለት እኔ ነኝ። «ሜትሪንግ፣ ሰው ቢገባውስ?» ብሎ በቁልምጫ ስሜ ጠየቀኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ባይገባውስ?» አለ። የትኛው ይበልጥ እንዳስፈራው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሁለተኛው ፍርሃቱ ግን በእርስዎ ብዕር እውን ሆኗል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ቁጥር ስለማይበቃው እንደ ታሪክ ልተርከው።

መጽሐፉ እንደወጣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጉዳዩን በትሕትና ሳስረዳዎ፣ ቀዝቃዛ የካላማንሲ ሎሚ ጭማቂ ጋብዘውኝ «ዶክተር፣ እኔ በበኩሌ ምንም ችግር የለብኝም። ግን እህታቸው ማናንግ ኑሜሪያና ከቤተ ክርስቲያን የማይጠፉ ትልቅ ሴት ናቸው። ይህን ቢያነቡ ልባቸው ይቆማል» አሉኝ። የአሮጊት ልብ ላስቆም አልመጣሁምና፣ ጭማቂውን ጨርሼ፣ እጅ ነስቼ ወጣሁ። ዝምም አልኩ። እንደ ታላቅ እህቴ ለማያት ለማናንግም ምንም አልነገርኳት።

እሷ ግን አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ «ሙዚየም ውስጥ ያለውን የወንድሜን ክፍል አሳየኝ» አለችኝ። ምክንያት ፈልጌ ላስቀራት ሞከርኩ፤ አልሆነም። ምርኩዟን ይዛ፣ ክንዴን ተደግፋ ገባች። አስጎብኚዋ፣ ጨዋ ወጣት፣ ለተሰበሰቡት ጎብኚዎች «ሠዓሊው ብቸኛ ሰው ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለብቻቸው ኖሩ» ስትል፣ ማናንግ ምርኩዟን ወለሉ ላይ መታች።

«ምን አልሽ፣ ልጄ?»

«ለብቻቸው ኖሩ ነው ያልኩት፣ እማማ።»

«ለብቻው? ታዲያ በየገናው ሁለት ሸሚዝ ስሰፋ አንዱን ማን ሊለብስልኝ ነው? ዶሮው?»

ጎብኚዎቹ ሳቁ። እኔ ክንዷን ጎተት አድርጌ «ተይ፣ ማናንግ» አልኳት። «አልተውም!» አለች። «ይሄ እዚህ የቆመው ሽማግሌ የወንድሜ ሰው ነው። ሲታመም ያጠበው እሱ፣ ዓይኑን የከደነለት እሱ። በቀብሩ ዕለት ከሣጥኑ አጠገብ ሳስቀምጠው ለተከራይ አዝኜ መሰለሽ?»

ክብርት ሆይ፣ እኔና ኤልፒዲዮ አብረን ባረጀንባቸው ዓመታት ሁሉ ማናንግ ይህን ነገር በአፏ ብላው አታውቅም። ሸሚዝ ትሰፋለች፣ የሩዝ ኬክ ትልካለች፣ ስንጣላ ታስታርቃለች፤ የነገሩን ስም ግን አንጠራውም ነበር። በሰው ፊት «የወንድሜ ሰው» የተባልኩት የዚያን ቀን ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ሥዕል የማይ መስዬ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ኤልፒዲዮ አልሰማውም።

የማናንግ ልብም እንዳልቆመ በደስታ እገልጻለሁ። ከሙዚየምዎ እንደወጣን አንድ ጎድጓዳ ሳህን የባቾይ ሾርባ ጨርሳ፣ ከእኔም ላይ መረቁን ወስዳለች።

ወሬው ቢሮዎ ከደረሰ በኋላ ስህተቱን ለማረም ያሳዩት ትጋት ከጠበቅኩት በላይ በመሆኑ ምስጋናዬም እጥፍ ነው። አንድ ተመራማሪ ቀጥረው ክፍሉን በሙሉ አደሱት፤ በሩ ላይም «የተሰቃየ ፍቅር» ብለው ጻፉበት። በፊት ማንንም የማይወደው ኤልፒዲዮ አሁን ሌላ ሥራ የሌለው ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ሆኖ ተገኘ። ማንጎ ከሣለ ናፍቆት ነው፤ ጀልባ ከሣለ ሽሽት ነው። የተዘጋው ሰማያዊ መስኮት «ዓለም የከለከለው ፍቅር» ተብሏል። መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የጎረቤታችን አሳማ ይሸት ነበር። ተመራማሪው ሊጠይቀኝ ቢመጣ ይህን በነገርኩት ነበር፤ ምናልባት ምስጢሩን ላለማበላሸት ብሎ ይሆናል ያልመጣው።

እርግጥ ነው፣ የፈራንባቸው ዓመታት ነበሩ። መንገድ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን አናውቅም፤ ሆስፒታል ውስጥም «ምኑ ነዎት?» ስባል የአጎቱ ልጅ ነኝ ብያለሁ። ይህ ይጻፍ። ነገር ግን አብዛኛውን ዕድሜያችንን ያሳለፍነው ሩዙ አረረ አላረረም እያልን ስንነታረክና ስንሳሳቅ ነው። ይህም ይጻፍ። ፍቅሩ ሥዕሉ ውስጥ በገባበት ቦታ ይነገርለት፤ ባልገባበት ቦታ ማንጎው ማንጎ ይሁን።

ስለዚህ ለቀጣዩ እትም የማቀርበው ልመና አጭር ነው፦ «ኤልፒዲዮ ሱማገይሳይ ሠዓሊ ነበር። የሕይወቱ ጓደኛ ዴሜትሪዮ ታላብያ ነው። አብረው አረጁ።» ከዚያ በኋላ ስለ ቀለሙና ስለ ብርሃኑ የፈለጉትን ያህል ቢጽፉ ማንም አይቀየምዎትም። ይህን ደብዳቤ ለማናንግ ሳነብላት «በጣም ለስልሷል፤ ስድብ ጨምርበት» ብላኛለች። ለክብርዎ ስል አልጨመርኩም።

ለሙዚየምዎ ዕድገትን፣ ለብዕርዎ ድፍረትን፣ ለጥርሶችዎ ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ዴሜትሪዮ ታላብያ
የጥርስ ሐኪም፣ ሃሮ፣ ኢሎኢሎ

ማሳሰቢያ፦ ቢሮዎ ሳለሁ «የአንድ ሰው የቤት ጉዳይ ከሥራው ጋር ምን አገናኘው?» ብለው እንደነበር አልረሳሁም። በመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን ላይ ያለውን የእርስዎን የሕይወት ታሪክም በደስታ አንብቤዋለሁ፤ አጭር ነው፤ ሆኖም ባለቤትዎ ጠበቃ ሩፊኖ፣ ሦስቱ ልጆችዎና ቢስኮቾ የተባለው ውሻዎ ሁሉም በየስማቸው ተጠቅሰዋል። ለውሻው ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።