ጥቁሩን ያወለቅንበት ሳምንት

ለምወድህ ልጄ ለታምራት፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገርስ ተሻለህ? የደርባን ብርድ አለፈላችሁ? አብረውህ ያሉት ልጆች ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ እህትህ ቤርሳቤህም ደኅና ናት። ስልክ ላይ ድምፅህን ስሰማ ልቅሶ ይቀድመኛል፤ ደስ የሚለውን ወሬ ሳልነግርህ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ በወረቀት ጻፍኩት። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ወንድምህ በኃይሉ ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። እኔና ቤርሳቤህ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ጥቁር ላናወልቅ ተማምለን ነበር። ቤርሳቤህ የአዋላጅ ነርስነቱን ትምህርት ክፍል ውስጥ ስትማር ማንም ምንም አላላትም። አሁን ግን ሆስፒታል ለልምምድ የሚወጡበት ጊዜ ደረሰና ደንቡ ተነበበላቸው፤ ነጭ ጋውን፣ ድፍን ጫማ፣ የተቆረጠ ጥፍር፣ የታሰረ ፀጉር፣ ጌጥ የሌለበት እጅ። እሷ ጋውኑን በጥቁር ቀሚሷ ላይ ደርባ፣ ጥቁር ሻሿን እንዳሰረች ሄደች። አስተማሪዋ ሲስተር ጤናዬ ከሰልፍ አወጣቻት። እስከ ሰኞ ካላወለቀች ልምምዱ ያመልጣታል፣ ዓመቱንም ትደግማለች ተባለ። «እናቴ ሳታወልቅ እኔ አላወልቅም» ብላ ቤት መጣች።

እኔም ተናደድኩ። ሐዘንተኛ ልብስሽን አውልቂ ይባላል ወይ ብዬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ልሟገት ሄድኩ። ሲስተር ጤናዬ ወንበር ሰጠችኝና «እማማ፣ ምጥ ይዟት የመጣች ሴት በር ላይ ጥቁር የለበሰች ብትቀበላት ማን ሞተ ብላ አታስብም?» አለችኝ።  አንተን ሳምጥ የሚያዋልዱኝን ሴቶች ፊት እያየሁ ልሞት ይሆን እል እንደነበር ትዝ አለኝ።

ስወጣ ተማሪዎቹ እጃቸው ሊታይ ተሰልፈዋል። ከቱርሚ የመጣች አንዲት የሐመር ልጅ የክንዷን የብረት አምባሮች ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዳ አስወልቃለች፤ ቦታው ከሌላው ገላዋ ፈዝዟል። «አልከበደሽም ልጄ?» ብላት፣ «ቀለለኝ እንጂ። እጄ ስለቀለለ ሻይ ሳነሳ አፍንጫዬን እመታለሁ» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በኃይሉ ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ከሰልፉ ውጭ ቆማ የነበረችው ቤርሳቤህ ሰምታኝ ደነገጠች።

እሑድ ጠዋት ጥቁሬን አውልቄ ያንን ቢጫ አበባ ያለበትን ቀሚስ ለበስኩ። ሰፍቶኛል። ቤርሳቤህ አየችኝና ጓዳ ገባች፤ ስትወጣ ሻሿን በእጇ ይዛ ነበር። አለቀስን፤ ግን እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ከዚያ ጥፍሯን ቆረጥኩላት፣ ፀጉሯን ሹሩባ ሠራሁላት።

ሰኞ ገባች። ሐሙስ የመጀመሪያዋን ሕፃን ተቀበለች። እናቲቱ ከኦሞ ማዶ፣ ከካንጋተን የመጣች ናት፤ ቋንቋ አይግባቡም፣ ብቻ የጋውኗን ጫፍ ጨብጣ አልለቅም አለቻት። ቤርሳቤህ ደም የነካውን ጋውን ይዛ «እማዬ፣ ጋውኔን እይው» እያለች እየሳቀች መጣች። አጥቤ ሳሰጣው ጎረቤታችን ሱዓድ ቀሚሴን አይታ «ሐዘኑ በሰባት ወር ወጣ እንዴ?» አለችኝ። «አልወጣም፣ ወደ ውስጥ ገባ» አልኳት። ጋውኑን አየት አድርጋ «የደም እድፍ እኮ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ነው የሚለቀው» ብላ ከቤቷ ጨው አመጣችልኝ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በላክህልን ፎቶ ላይ ጺምህ ደረትህን ሊነካ ነው። ለወንድምህ ብለህ እንደተውከው፣ ለቀብሩ አለመድረስህም እንደሚያንገበግብህ አውቃለሁ። ቤርሳቤህ «እንዲህ ሆኖ ቢመጣ ሲስተር ጤናዬ ከበር ትመልሰዋለች» ትላለች። ተላጭ ልጄ። ማንም ምን ቢልህ እናቴ ናት ያዘዘችኝ በል። ተላጭና ሌላ ፎቶ ላክልኝ፤ ፊትህን ልየው።

ቤርሳቤህ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ጺሙ እየወጋት ነው አሉ። ሱዓድ ከነልጆቿ ሰላም ብላሃለች። አብሮህ ለሚኖረው ለተገኝ፣ ለሚስቱና ለሕፃኗ ሰላምታዬን አድርስልኝ። አምላክ ከክፉ ይሰውርህ።

እናትህ ጥሩዬ
ጅንካ፣ ኅዳር 21 ቀን 2004 ዓ.ም.