ወረቀቱን የተጫነው መነጽር

አኩራፊዋ እህቴ፣

በርሽን አንኳኩቼ ነበር፤ ተኝተሽ ይሁን አኩርፈሽ አላወቅኩም። ሥራ ረፍዶብኛል።

ይህን ወረቀት የተጫነው የአባዬ መነጽር ነው፤ ሆስፒታል ውሰጂለት። ዛሬ ጠዋት ልጠይቀው ስሄድ ነርሷ «መነጽር የላቸውም እንዴ?» ስትለኝ ነው የባነንኩት። እንዳይጠፋ ብዬ ከቀዶ ጥገናው ቀን ጀምሮ ሌላው ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄው ነበር።

ስለዚህ ትናንት «ሰዓትሽ አልደረሰም፣ ሐሙስ ተመለሺ» ያለሽ ጠልቶሽ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ያለ መነጽር ልጁን ከደንበኛው እንዴት ይለያል? «ልጅህ ነኝ» ስትይው «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ሲልሽ ግን መሳቅ አልነበረብኝም። «አንቺ ነሽ ያስቆጣሽው» ያልኩሽንም እርሺው።

ነርሷ እንዳለችው፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ብዙ አዛውንት እንዲህ ይቃዣሉ፤ ሄድ መጣ ይላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ያልፋል። አትከራከሪው። ማን እንደሆንሽ፣ ቀኑንና ያለበትን ቦታ ረጋ ብለሽ ንገሪው። መጋረጃውን ክፈቺለት። ጉሉኮሱን «ይዘገያል» እያለ ሊጠግነው ስለሚነሳ እጁን ያዝ አድርጊው። የሳሎኑንም ሰዓት ውሰጂለት፤ መጀመሪያ ግን አስተካክዪው። የሰዓት ሠሪ ቤት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱን ካየ ሁለታችንንም ይክደናል።

ደግሞ ስወጣ ጠርቶ ምን አለኝ መሰለሽ፦ «ያቺ ትናንት እያለቀሰች የሄደችው ልጅ ስትመጣ፣ ወረፋ እንዳታስጠብቋት።»