የተበጠሰው አውታርና ባለቤት ያጣው ግጥም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እኅቴ ለእናትዓለም፤ በታላቅ ኀዘን የማስታውቅሽ ነገር አለኝና ቁጭ ብለሽ አድምጪ። የአባታችን በገና አራተኛው አውታር ባለፈው ሰኞ ከቀትር በኋላ ተበጥሷል። ዕድሜው ሃያ ሁለት ዓመት ነበር። ከእኔ አፍንጫ በቀር የተጎዳ የለም።

ይህን ካስታወቅሁሽ ወዲያ ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ያ የሚጠዘጥዝሽ ወገብሽ እንደምን ነው? የገዳሪፍ ሐሩር ቀለለላችሁ ወይስ አሁንም እንደ ዳቦ ያበስላችኋል? ባለቤትሽ አያ ሣህሉስ እንደምን ከረሙ? የሰው አገር ውሃ ተስማማቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጣናም ደኅና ነው፤ ጣሊያኖች እስካሁን ቀረጥ አልጣሉበትም።

"ጡረታ ወጣህ ወይስ ትሠራለህ?" ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱ ግማሽ ግማሽ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ጋዜጣ ቤታችን ተዘግቶ እኔም በእግሬ ወደ አገሬ ከተመለስሁ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ከሾላው ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ከቀትር በኋላ በገና እማራለሁ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ አራሚ ማለት ሚዜ ማለት ነው፤ ሙሽራውን አሳምሮ እርሱ ወደ ኋላ ይላል። በዚያ ሁሉ ዘመን ስሜን ከአንድ ጽሑፍ ሥር እንኳ አኑሬ አላውቅም። ደግ ሲጻፍ ምስጋናው ለጸሐፊው ነው፤ ክፉ ሲጻፍም ዱላው ለጸሐፊው ነው። እንዴት ያለ ምቹ ሥራ ነበር!

በሙዚቃው በኩል ግን ታራሚው እኔ ነኝ፤ አራሚዬም ጎረቤቴ አዝማሪ አካሉ ነው። ያ ከልጅነታችን ጀምሮ ማሲንቆ ከእጁ የማይለየው ቀጭኑ አካሉ፣ ሳታስታውሺው አትቀሪም። ካጥር ማዶ ሆኖ ያደምጠኝና "ሀብቴ፣ ዳዊት ይህን ቢሰማ በገናውን ጥሎ ወደ በጎቹ ይመለስ ነበር!" ይለኛል። ወዲያው ግን አጥሩን ዞሮ ይመጣና አውታሩን ያላላልኛል፤ "አጥብቀህ አትወጥር፤ ድምፅም እንደ ሰው ትንፋሽ ይሻል" ይላል። እኔም በተራዬ ግጥሙን ስሰማ "ይቺን ቃል አውጣት፤ ታነክሳለች" እለዋለሁ። እንዲህ ስንተራረም ሁለት ዓመት አለፈን። የተበጠሰ አውታር የሚያስርልኝም እርሱ ነበር። አሁን ግን ራሱ ታስሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥምቀት ማግሥት አዲሱ የጣሊያን ሹም ሐይቁን ልጎብኝ ብሎ የዳውድን ታንኳ አዘዘ። በደንገል ታንኳ ላይ ጫማ አውልቆ ቁጭ እንደሚባል እዚህ የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። ዳውድም ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ታንኳ ሠሪ ነውና "ጌታዬ ይቀመጡ" ቢለው፣ ሹሙ "የመንግሥት እንደራሴ በሣር ላይ አይቀመጥም" ብሎ በቦት ጫማው እንደ ባንዲራ ዘንግ ተገተረ። ከዳር ሠላሳ ክንድ ሳይርቁ ባንዲራው ወረደ። ዳውድ ነው በኮሌታው ጎትቶ ያወጣው። ዳር ላይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ሳቁን በነጠላው አፈነ።

እሑድ እኛ መንደር ሠርግ ነበር። እንደ ልማዱ እንግዳው "ተቀበል!" እያለ ግጥም ይሰጣል፤ አካሉም እየተቀበለ በማሲንቆው ያዜማል። ከዳሱ ጥግ አንዱ እንዲህ ብሎ ሰጠው፦

ተቀመጥ ቢባልም፣ ቆሞ ተጓዘና፣
ጫማውን ሳይፈታ፣ አጠመቀው ጣና።

ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እኔ በዚያች ሰዓት አፌን በቁርጥ ሞልቼ ስለነበር ሰጪውን አላየሁም። እንደ አራሚ ካየነው ግን ግጥሙ መጥፎ አይደለም፤ በተለይ "ልብሱን ሳያወልቅ" የሚለው "ጫማውን ሳይፈታ" ተብሎ መታረሙ ጠቅሞታል።

ሰኞ ጠዋት አካሉን ወሰዱት። ማሲንቆውን ማስረጃ ነው ብለው ከሹሙ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። "ግጥሙን የሰጠህን ተናገር፤ አለዚያ ቅዳሜ በጀልባ ወደ ጎርጎራ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ወዳለው እስር ቤት ትሄዳለህ" አሉት። ከዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየንም። አካሉ "እኔ ስዘፍን ዓይኔን እጨፍናለሁ" ብሎ ዘጋቸው።

ማክሰኞ አስተርጓሚው ተክለ ጊዮርጊስ እኔን ጠራኝ። ሹሙ የጽሕፈት ሰው መሆኔን ሰምቶ ኖሯል፤ ከአገጣጠሙ መርምሬ ግጥሙ የማን እንደሆነ እንድለይለት አዘዘ። መነጽሬን አደረግሁ፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አነሣሁ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ "ጌታዬ፣ ይህ ጥልቅ ምርመራ ይሻል" አልሁ። እስከ ዓርብ ቀጠሩኝ። ስወጣ አካሉን በታሰረበት ቤት መስኮት አየሁት። እስር ቤቱ ከቤቴ ሁለት አጥር ብቻ ነው የሚርቅ። ስለ ግጥሙ አንዲት ቃል አላነሣም። "ሀብቴ፣ ሰኞ ያ አውታር ተበጠሰ አይደል? እዚህ ድረስ ሰማሁት። አጥብቀህ አትወጥር ብዬህ ነበር" አለኝ፤ ይኸው ነው።

ትናንት ሚስቱ ፅጌ ማርያም ማመልከቻ እንድጽፍላት መጣች። ሦስት ጻፍሁ። ሦስቱም እጅግ ያማሩ ነበሩ፤ ሳነብላት እያለቀሰች መረቀችኝ። ሦስቱንም ቀደድኋቸው። "ምን ጎደላቸው ጋሼ?" ብትለኝ "አንድ መስመር" አልኋት። "ታዲያ አይጨምሯትም?" አለችኝ። እታለም፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ እንደ እርሷ ያለ አራሚ አላጋጠመኝም።

ይህን ደብዳቤ ነጋዴው መስዑድ በበቅሎው ኮርቻ ውስጥ ሰፍቶ በመተማ በኩል ያደርስልሻል። የአባታችንን በገና ለፅጌ ማርያም አደራ ሰጥቻለሁ፤ አካሉ ሲወጣ አውታሩን ያስርለታል። አገር ሲቀና ስትመጪ ከእርሷ ተቀበይ።

ለአያ ሣህሉ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ፤ ወገብሽን አደራ ብያቸዋለሁ። ልጅሽን ወለተ ሩፋኤልን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ወንድሟ መርስዔ ኀዘን ንባብ ጨርሷል ብለሽኛልና ይህን ደብዳቤ ለቤቱ ሁሉ እርሱ ያንብብ፤ ስሕተት ካገኘም ያርም፤ በዘር የወረደ በሽታ ነው።

ወንድምሽ ሀብተ ሥላሴ
ባሕር ዳር ጊዮርጊስ፣ ሐሙስ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ ስለ ሠርጉ በተጻፈው አንቀጽ፣ ጸሐፊው አፉን በቁርጥ ሞልቶ ስለነበር ግጥሙን የሰጠውን ሰው አላየም ተብሎ የተገለጠው ስሕተት ነው። አፉ ባዶ ነበር። ግጥሙን የሰጠው ከላይ ስሙ የሰፈረው ሀብተ ሥላሴ ነው። ይኸው እርማት ነገ ዓርብ ጠዋት ለሹሙ በቃል ይነገራል። ጸሐፊው ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ስለ ግጥሙ ግን አይጠይቅም።