በስልክ የሰማሁት ሞተር

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ሀብተማርያም ዘውዴ፤

እንደምን ከረሙልኝ አባባ? ወገብዎ ክረምቱ ሲወጣ ይለቀኛል ብለውኝ ነበር፤ ለቀቅ አድርጎዎታል? የደም ግፊቱን ኪኒን ሳያልቅ ነው የሚያስገዙት ወይስ እንደ በፊቱ ካለቀ በኋላ? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣት አስቸግሯት ነበር። ቆንጂትና ልጇ፣ ዳዊትም፣ ሁላችሁም እንደምን አላችሁ? እኔ በጤናዬ በኩል ምንም አልሆንኩም። ጥፍሬ ሥር ከገባው የዘይት ጥቁረት በቀር ብታዩኝ የምትደነግጡበት ነገር የለም፤ እሱንም እርስዎ ያውቁታል፣ በሳሙና አይለቅም።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ብለው እንደሚገረሙ አውቃለሁ። የቤታችን ስልክ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ ጠረጴዛው መሀል ነው የሚቀመጠው፤ እኔ አንድ ቃል ስተነፍስ አምስት ሰው ይመልስልኛል። ይህ ነገር ግን ለእርስዎ ብቻ ነው። ስለዚህ ፖስታውን ዘግቼ በስምዎ ላክሁት፤ ሲያነቡትም ብቻዎን ይሁኑልኝ።

ነገሩ ይህ ነው። ባለፈው ወር ወንድሜ ዳዊት ሚኒባሷን ሸጦ ያቺን ከዱባይ የመጣች የስፖርት መኪና ሊገዛ መሆኑን ነግረውኝ፣ ምን ትላለህ ሲሉኝ «ይግዛት» ብዬ ነበር። ያንን ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ። አይግዛት። ለሙሽራ እያከራየ ቤቱን እደጉማለሁ ማለቱ ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ መኪናዋ ግን አትሆነውም። አሁን ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ሚኒባሷ ናት፤ አትሸጥ። ለምን እንደሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳዎት።

በዚያው ቀን ሌላም ጠይቀውኝ ነበር። እነዚህ ሞተራቸው እየተነካካ ጉልበት የሚጨመርላቸው መኪኖች ዕድሜ አላቸው ወይ፣ ከመካከላቸውስ የትኛው ይሻላል ብለውኝ፣ እኔ «እንደ አያያዙ ነው» ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ያለ መልስ እርስዎ ለደንበኛ ስሰጥ ቢሰሙኝ በቁንጥጫ ነበር የሚያነሱኝ። አሁን በወጉ ልመልስልዎ።

የምሠራበት ጋራዥ እንደሚያውቁት እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ በሚባለው ሰፈር ነው። ባለቤቱ ቶሚ እዚሁ ያደገ የአገራችን ልጅ ነው፤ በአማርኛ የጀመረውን በእንግሊዝኛ ይጨርሳል እንጂ እጁ የባለሙያ ነው። በየቀኑ ከሚገቡት መኪኖች ሦስቱን ብነግርዎ ይበቃል።

አንደኛዋ ፅዮን የምትባል፣ ኢስት ዮርክ የምትኖር ነርስ የምትነዳት ቀይ ሆንዳ ናት። ቱርቦ የላትም። ሞተሯ ትንሽ ሆኖ ጉልበት የሚያወጣው በደቂቃ እስከ ስምንት ሺህ ዙር እየተሽከረከረ ስለሆነ፣ ስትጮህ ለሚሰማት ልትፈነዳ የደረሰች ትመስላለች። ግን እንድትጮህ አድርገው ነው የሠሯት። ፅዮን ያስቀየረችው ጎማውን፣ ሞላውንና ማርሚታውን ብቻ ነው፤ ሞተሩን አላስነካችም። ዘይት ከቀኑ ቀድማ ታስቀይራለች፣ ጠዋት ሳታሞቃት አትንቀሳቀስም። ሁለት መቶ ስልሳ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳ የሞተሯ ክዳን፣ ቴስታታዋ፣ አንድም ቀን አልተከፈተም። ቶሚ ባያት ቁጥር ከአንቺ እንጀራ አይበላም እያለ ይቀልድባታል።

ሁለተኛዋ የኸይረዲን ሰማያዊ መኪና ናት። ኸይረዲን እንደመጣሁ ፓርክዴል አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የኖርን፣ በየበዓሉ በስልክ ሰላም የሚልዎት የድሬዳዋው ልጅ ነው። መኪናዋ ከፋብሪካ ባለ ቱርቦ ሆና ነው የወጣችው፤ እንደተሠራች ብትተው ኖሮ ዕድሜዋን ትኖር ነበር። እሱ ግን ሌላ ቦታ ወስዶ ትልቅ ቱርቦ አስገጠመላት፣ ኮምፒውተሯንም አስተካክላችሁ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን አየር ጨምሩ አላቸው። ፒስቶኑና እሱን ከሥር የተሸከመው ቢዬላው ግን የድሮዎቹ ናቸው። ሃምሳ ኩንታል የምትችለዋን ሰባ ጭነው ዳገት ሲያስወጧት ከርመው እርስዎ ጋር ያመጧት የነበሩትን ሾፌሮች ያስታውሳሉ፤ ይህም ያው ነው። በፍጥነት ከሆነ የፅዮንን መኪና ጥላት ትሄዳለች። ኸይረዲንም አጠገቡ ሰው ካስቀመጠ ይህንን ሳያሳይ አያወርደውም።

ሦስተኛዋ የራሱ የቶሚ ናት። እሷም ተነካክታለች፣ ያውም ከሁሉ በላይ። ግን ቶሚ መጀመሪያ ሞተሩን አውርዶ ፒስቶኑንም ቢዬላውንም በጠንካሮች ቀየረ፤ የዘይት ፓምፑንና ራዲያተሩን አሳደገ፤ ቱርቦው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ዓመት ሆናት፣ አልሞተችም። እውነቱን ለመናገር ውስጧ ተቀምጦ ካሳለፈው ጊዜ ይልቅ ሥሯ ተጋድሞ ያሳለፈው ይበልጣል፤ ሚስቱም ይህንን አንስታ አትጠግብም።

እንግዲህ የትኛዋ ትሻላለች ካሉኝ እኔ የፅዮንን እመርጣለሁ። የተነካካ ሞተር ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ማን እንደነካው፣ ምን ለውጦ ምን ሳይለውጥ እንዳለፈ ካልታወቀ ግን እኔ ገንዘቤንም ነፍሴንም አልሰጠውም። ዳዊት ያገኛት መኪና አገር ቤት ከገባች እንኳ በሦስት ሰው እጅ አልፋለች። ደላላው ስለ ሞተሯ የሚያውቀው የቱርቦውን ትልቅነት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ባለፈው ወርም አውቀው ነበር። ታዲያ ለምን «ይግዛት» አልክ ይሉኝ ይሆናል። የጥፋቴን ነገር ለመናገር መጀመሪያ በኸይረዲን ላይ ያደረስኩትን ልንገርዎ።

በነሐሴ መጨረሻ ኸይረዲን ሽማግሌ ላከ። እኔም አጃቢ ሆኜ ሄድኩ። ነገሩ በመልካም አልቆ ስንወጣ የልጅቷ አባት ሰማያዊዋን መኪና አዩና፣ እንግዲህ ልጄን የምትጭናት ይቺ ናት፣ ለመሆኑ ደህና ናት ወይ ብለው እየሳቁ ጠየቁ። ኸይረዲን ኮፈኑን ከፍቶ አስነሳትና፣ ይኸው ሜካኒኩ አለ፣ ሰብስቤ ሰምቶ ይመስክር አለ። ጎንበስ ብዬ ሰማሁ። ከሥር ቢዬላው መምታት ጀምሯል። ገና ቀላል ነበር፤ ግን ነበር። ቀና ስል ሽማግሌዎቹም የልጅቷ ወገኖችም እኔን ነው የሚያዩት። በዚያች ሰዓት መኪናዋ ታማለች ማለት ልጃችሁን አትስጡት ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝና «ጥሩ ናት» አልኩ። ነገ ለብቻው እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ነገ ሥራ በዛ፤ ከነገ ወዲያ ስለ ሠርጉ ሲያወራኝ ደስታውን ማደፍረስ ከበደኝ። እንዲህ እያልኩ አምስት ሳምንት አለፈ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ የልጅቷን እናት ከገበያ ወደ ቤታቸው ሲያደርስ፣ 401 በሚባለው ሰፊ መንገድ ላይ ቢዬላው ተቆርጦ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ በገዛ ዘይቷ ተንሸራታ ቆመች። ከኋላ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ፍሬን ይዞ ሊደርስባቸው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሴትየዋ ጉልበታቸውን ተጋጩ እንጂ ተርፈዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ኸይረዲን ከዚያው ኮል አደረገልኝ። ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ አንተ እኮ ሰምተሃት ነበር፣ በደህናዋ ምን ነካት አለኝ።

በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ የሰማሁትንና የዋሸሁትን ሁሉ ተናገርኩ። እናትየው በመትረፋቸው ሲያመሰግኑ፣ አባትየው ግን ፊታቸውን አዙረው ወደ ጓዳ ገቡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኸይረዲን ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በላይ አያነጋግረኝም፤ እውነቱን ነው። እኔ እሑድ እሑድ ጋራዡን አስከፍቼ ሞተሩን እየሠራሁለት ነው። ዛሬም ከዚያው ስመለስ ነው ይህን የምጽፍልዎ።

አባባ፣ አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ።

ባለፈው ወር «ይግዛት» ባልኩበት ቀን ዳዊት ያቺን የዱባይ መኪና አስነስቶ ስልኩን ሞተሩ አጠገብ ሲይዘው፣ እርስዎ ስማት እስኪ፣ እንደ ሰዓት ነው የምትሄደው አሉኝ። ደላላው ከጎንዎ ሆኖ አቶ ሀብተማርያም ካሉ አለቀ ሲልም ሰምቻለሁ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ርቀት፣ በዚያ መስመር ውስጥ፣ ቢዬላዋ ቋ ቋ ቋ ስትል ሰማኋት። ድምፁ ጀማሪ አልነበረም። ለማንም ሜካኒክ የሚሰማ ነበር። እርስዎ አልሰሙትም።

ይህን ያህል ዙሪያ የሄድኩት ይህችን ለመጻፍ ፈርቼ ነው፤ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። እኔ ሙያውን የተማርኩት ከእርስዎ ጆሮ ነው። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ አስደግፈው፣ እጀታውን ጆሮዎ ላይ አድርገው ስንተኛው ፒስቶን እንደታመመ ሲናገሩ የናዝሬት ጋራዥ ሁሉ ያለ ክርክር ይቀበልዎ ነበር። ለእርስዎ ጆሮዎ ደክሟል ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም። እማዬ በር ሲንኳኳ እንደማይሰሙና ሬዲዮውን ጎረቤት እስኪሰማ እንደሚከፍቱት ሹክ ብላኛለች፤ አይቆጧት። በስልክም አልሰማ ባለዎት ቁጥር መስመሩን ነው የሚራገሙት። መስመሩ ብዙ ጊዜ ጥፋት አለበት፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ፅዮንን ባማክራት፣ አርባ ዓመት ከመዶሻና ከሞተር ጋር የኖረ ሰው መስማቱ ቀስ እያለ እንደሚቀንስና መጨረሻ ላይ የሚያውቀው ባለቤቱ ራሱ እንደሆነ ነገረችኝ። ሐኪም ይይዎት። መሣሪያ ካዘዙልዎ መላኩ የእኔ ሥራ ነው።

ያን ቀን ዝም ያልኩት እርስዎን ደላላ ፊት ላለማሳፈር ነበር። ግን ሙሽራ ጭኖ ያቺን መኪና በደብረዘይት መንገድ በእነዚያ ጭነት መኪኖች መሀል የሚነዳት ዳዊት ነው። ከኸይረዲን ወዲህ ይህ አላስተኛኝም። ቢቆጡኝ እችለዋለሁ።

የእኔ ቃል ብቻውን አይበቃኝም ካሉ ደግሞ፣ ደላላውን ዘይቱን አስወርድ ይበሉትና ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሰው ፀሐይ ላይ ይዩት። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ያገኙበታል። ምን ማለት እንደሆነ እኔ ለእርስዎ አልነግርም፤ ዓይንዎ እንደሆነ ከእኔ ይሻላል።

እማዬን ጉልበቷን በሙቅ ውኃ እንድታሸው አደራ፣ ግንባሯን ይሳሙልኝ። ቆንጂት የላከችውን ፎቶግራፍ አይቻለሁ፤ ልጇ የእርስዎን አገጭ ነው የወሰደው፣ ሁለቱንም ሰላም ይበሉልኝ። ለጎረቤታችን ለጋሽ ጥሩነህም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ለዳዊት ወንድማዊ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። መኪናዋ ለምን እንደቀረች ሲጠይቅዎ «እኔው ራሴ ሰምቻት ነው» ይበሉት። እኔን ደውሎ ከጠየቀኝ፣ ከአባባ ጆሮ ምን ያመልጣል ብዬ እመልስለታለሁ።

ልጅዎ ሰብስቤ ሀብተማርያም

ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ
ጥቅምት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.