የአባትህ ስም በሴንት ፖል ተጠራ

ዌይ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ሁለተኛው በረዶ ቀልጦ ሄደ። በየቀኑ የምጽፋትን ማስታወሻ ዛሬ ለአንተ አደረግኋት። አማርኛ እንደማታነብ አውቃለሁ፤ በእንግሊዝኛ ስጽፍ ግን ከዕቃና ከዋጋ ሌላ አይመጣልኝም።

ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ያለው ሱቃችን ደህና ነው። በርበሬውንና ሽሮውን ወደ ፊት አውጥቼ፣ ገዢ ያጡትን የሻይ ስኒዎችህን ወደ ኋላ አስገባኋቸው። አልጣልኳቸውም። ልጃችን ሐና ኩን ራፒድስ ቤት ተከራይታ ወጥታለች፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። እኔ አሁንም የአልጋውን ጥግ ይዤ ነው የምተኛው፤ መሀል መተኛት አልሆነልኝም።

ልነግርህ የፈለግሁት ግን የአባትህን ነገር ነው።

እኔ የማውቃቸው የምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፉ ነው። ሐይቅ ዳር ስንወስዳቸው ጀልባ ላይ አይወጡም ነበር፤ ዳር ቆመው ነፋሱን ያዩና እንመለስ ይሉናል። መኪናው ጋ ሳንደርስ ይዘንባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቻይና ተልከው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ መኮንን እንደነበሩ፣ ጦሩ ወደ ፈረንሳይ ዳርቻ ሲሻገርም አብረው እንደነበሩ የሰማነው ሊሞቱ ሲሉ ነው። የላካቸው መንግሥት ኋላ በእርስ በርስ ጦርነት ተሸንፎ አገራቸው አላወቀላቸውም። እንግሊዞች ኒሻን ሰጥተው ረሷቸው። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ቻይናዊ ወጥ ሠሪ ብቻ ነበሩ።

ያንን ኒሻን አድርገህ በወታደሮች መታሰቢያ ቀን ወደ መቃብሩ ቦታ የሄድክበት ጠዋት አይረሳኝም። በግራ ደረትህ ላይ ሰካኸው። እኔ ሱቅ ነበርኩ። እኔ ባደግሁበት ቤተሰብ የሞተ አባቱን ኒሻን የሚያደርግ ሰው በቀኝ ነው የሚያደርገው፤ ግራው ራሱ ለዘመተ ነው። ይህን የነገረህ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ወታደር የት ዘምተህ ነው ብሎ በሰው ፊት አፋጠጠህ፤ አንተም ማስረዳት አቅቶህ ተመለስክ። ዳግመኛ አልሄድክም። ሆስፒታል ተኝተህ ግን “አንድ ጊዜ ብቻ የአባቴን ስም ቢጠሩት” አልከኝ።

ዘንድሮ የመታሰቢያ ቀኑን ሥነ ሥርዓት ወደሚያዘጋጁት ሰውዬ ሄድኩ። በዕለቱ የሚነበበው የስም ዝርዝር በአሜሪካ ባንዲራ ሥር ለዘመቱት ብቻ መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ። አልተከራከርኩም፤ በእጃቸው የሌለውን ለምኜ አላገኘውም። ይልቅ በእጃቸው ያለውን ጠየቅሁ። ስሞቹ ተነበው ሲያልቁ፣ ጥሩንባው ከመነፋቱ በፊት ትንሽ ዝምታ አለ አሉኝ።

“በዚያ ዝምታ የልጅ ልጃቸው ብትጠራቸው ማን ይጎዳል?” አልኳቸው።

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። “አጭር ይሁን” አሉ።

ቀኑ ሲደርስ ኒሻኑን በሐና ቀኝ ደረት ላይ ሰካሁት። አያትሽ እንደሚያደርጉት የቤተሰቡን ስም አስቀድሚ ብላት “አይ ኖው፣ ማም” ብላ ገላመጠችኝ። ከዚያ ወጥታ ጠራቻቸው፦ ፔንግ ዳሃይ፣ የቻይና ባሕር ኃይል መኮንን፣ በእንግሊዝ መርከብ ላይ የዘመተ። ያጨበጨበ የለም፤ ቦታው የጭብጨባ አይደለም። ከሽማግሌዎቹ ጥቂቶቹ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሱ። እኔ ፊትህን ለማየት ወደ ጎን ዞር አልኩ። አጠገቤ ሰው አልነበረም።

ለከርሞ ማንም ቃል አልገባልኝም። እንደገና እጠይቃለሁ፤ እምቢ ካሉም ከአጥሩ ውጭ ቆመን እንጠራቸዋለን። ዕድሜ እስካለኝ ይህ ቀን ያለ እናንተ አያልፍም፤ እኔ ስደክም ደግሞ ሐና አለች። የአባትህን ስም እሷ ጮክ ብላ ትጠራለች። ያንተን እኔ ከእሳቸው አስከትዬ፣ ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

አስቴር